ምስክርነቱን አታርክሱ

ወንድሞቼ መምህራን፣ በየደብሩ ወንበር ዘርግታችሁ የምታስተምሩ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ነገሩ ከእጃችን ሳይወጣ ብትሰሙኝ ብዬ ነው። ጎጃምም ሸዋም ወሎም ዜማ የተማረ ሰው የድጓ መምህር ሊሆን ሲሻ ጋይንት ድረስ መጥቶ ቤተ ልሔም ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ እንደሚመሰከረው ሁሉ፣ ድጓ የቤተ ልሔም ነው። ይህን ክብር ማንም በአዋጅ አልሰጠንም።

ምን እንዳስገኘው ታውቃላችሁ። ተማሪው ድጓውን በእጁ ይጽፋል። ንባቡን ብቻም አይደለም፤ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ርክርኩን፣ ድፋቱን፣ ከየቃሉ በላይ የሚሰፍረውን ደቂቅ ሥረይ ሁሉ፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሠሩት የሚባለውን ምልክት። ከዮሐንስ ተነሥቶ በአስተምህሮ አልፎ ፋሲካን እስኪፈጽም ዓመታት ይሄዳሉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዲት ጭረት ስትዘለል «ተመለስ» ይሉታል፤ ልጁም ብራናውን ፍቆ ያርማል።

ዛሬ ድጓው ታትሞ ይሸጣል፣ ዜማውም በስልክ ይቀረጻል። ለሚያጠና ሰው ይረዳል፣ አልጠላውም። የሚያስፈራኝ ጥድፊያው ነው። ወጣቱ የደብር ቅጥር ይፈልጋል፤ ቅጥሩ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱን ቶሎ የሚሰጥ መምህርም አይጠፋም። «የቀረውን እዚያው ታሟላዋለህ» ተብሎ ግማሽ ድጓ የያዘ ልጅ ይሸኛል። እሱም ነገ ወንበር ዘርግቶ ያልተማረውን ያስተምራል። የሰማ ጆሮ ሲያልቅ ማን «ተመለስ» ይለዋል?

የመምህሩ ችግር አይጠፋኝም። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ የደብሩ መሬት ሄደ፣ የመምህሩም ቀለብ አብሮ ሄደ። ለተማሪው ቁራሽ የሚሰጠው የስማዳና የጋይንት ገበሬም ዝናብ ሲጠፋ ለራሱ የሚቸገር ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ምስክርነቱ ከተሸጠ ግን መልሶ የሚገዛው አይገኝም።

እኔ በጽሕፈት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። የጻፍኩትን ሳልደግም እንዳልለቅ ያስተማረኝ በቤተ ልሔም ድጓ የጻፍኩበት ያ ብራና ነው። ልጆቻችን ወደ ቢሮ፣ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ መድረክ ሲሄዱ አልነቅፍም። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ዲፕሎማትም ደራሲም ሆነዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 አሳትመዋል። ይሂዱ፣ ግን የጀመሩትን ጨርሰው ይሂዱ። ሳያውቅ አደባባይ የወጣ ሰው ሕዝብ ያሳስታል፤ የላክነው እኛ ከሆንን ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

እለምናችኋለሁ፤ በእጁ ያልጻፈውን፣ ፊታችሁ ተቀምጦ ያላዜመውን አትመስክሩለት። ዘመድ ቢያማልድ፣ አለቃ ደብዳቤ ቢጽፍ እሺ አትበሉ። የመምህሩን ቀለብ በየከተማው ያለን የቤተ ልሔም ልጆች እንቻል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የእኔን ድርሻ እልካለሁ፤ እናንተም ቁርጣችሁን ንገሩኝ።