ምንጣፍ ልታሳጥቡ ነው? ከዋጋው በፊት «በስንት ሰዓት ይደርቃል?» ብላችሁ ጠይቁ



በዓል ሲቃረብ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ የምንጣፍ ነገር ነው። «ዶክተር፣ ልጄ አስም አለበት፤ ምንጣፉን በስቲም ላሳጥበው ወይስ በደረቁ?» የሚያጥቡት ልጆች ሁሉም የየራሳቸው ማሽን ምርጥ እንደሆነ ይነግሯችኋል። አይፈረድባቸውም፣ እንጀራቸው ነው። እኔ ማሽን ስለማልሸጥ ከሳንባ አንፃር የሚታየኝን ልንገራችሁ፦ ከሁሉም የሚብሰው ዘዴ ምንጣፉን ረጥቦ ትቶት የሚሄደው ነው። የረጠበ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። ለአስም ደግሞ ሻጋታ ከአቧራ የማይተናነስ ቀስቃሽ ነው።

መጀመሪያ ምንጣፉ ውስጥ ምን እንዳለ እንወቅ። ደስት ማይት የምትባል በዓይን የማትታይ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆነች ፍጥረት አለች። ከገላችን የሚረግፈውን የቆዳ ቅርፊት ትበላለች፤ ውሃ አትጠጣም፣ ከአየሩ እርጥበት ትስባለች። አትናከስም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኩሷ ነው፤ ልጅ ምንጣፍ ላይ ሲንከባለል ቦንኖ ወደ አፍንጫው ይገባል። ይሄ የፈረንጅ አገር በሽታ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣውን የጅማ ጥናት ልጥቀስላችሁ። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኝቷል፤ በከተማው ደግሞ በቆዳ ምርመራ ለደስት ማይት አለርጂ የታየባቸው ሰዎች ላይ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ይበልጥ ይታይ ነበር።

ወደ ማሽኖቹ እንምጣ። «ስቲም» ተብሎ የሚተዋወቀው አብዛኛው ጊዜ እንፋሎት አይደለም። ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር በግፊት ይረጫል፣ ወዲያው መልሶ ይመጠጣል። እኔ የምደግፈው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም አለርጂ የሚያመጣው የኩሷ ፕሮቲን በውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ውሃው ሲመጠጥ አብሮ ይወጣል። እውነተኛ እንፋሎት ብቻ የሚነፋው ማሽን ግን ማይቷን ቢገድል እንኳ ሬሳዋንም ኩሷንም እዚያው ይተዋቸዋል። ማይቷን ለመግደል ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ላይ 90 ቢልም ውሃው ምንጣፉ ውስጥ ሲገባ ስለሚቀዘቅዝ፣ «መቶ በመቶ እንገድላለን» የሚለውን ማስታወቂያ እለፉት።

የነዚህ ማሽኖች ዋና ችግር መምጠጡ ላይ ነው። ቲክቶክ ላይ ያን ጥቁር ውሃ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችኋል። እውነት ነው ቆሻሻው ወጥቷል፤ ምንጣፉ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ እንደቀረ ግን ቪዲዮው አያሳይም። ጥሩ ሠራተኛ ሳሙናውን በንጹህ ውሃ ያለቀልቃል፣ ከዚያ ውሃ ሳይረጭ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይመጥጣል። የቸኮለው አንዴ ያልፍበትና «ነገ ይደርቃል» ብሎ ይሄዳል። የኛን አገር ነገር ደግሞ ጨምሩበት፦ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ማለቅለቁ ይዘለላል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ምንጣፉ ውሃውን እንደያዘ ይቀራል። አንዲት እናት ልጇን ሌሊት ደረቱ እየተሳበ ይዛው መጣች። ቤት ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ ብዬ ብጠይቃት «ኧረ ቤቱማ ትናንት ነው ጽድት ብሎ የታጠበው» አለችኝ። መብራት ሄዶባቸው ምንጣፉ ሳይመጠጥ አድሯል፣ ብርድ ነው ተብሎ መስኮቱም ተዘግቷል፣ ልጁ እዚያው ሳሎን ተኝቷል። እርጥበቱ ይሁን የሳሙናው ሽታ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ልጁ እዚያ ክፍል ማደር እንዳልነበረበት ግን አያጠራጥርም።

በሚሽከረከር ብሩሽ አረፋ እያስነሱ የሚፈትጉትን እኔ አልወደውም። አረፋው ካልተመጠጠ ይደርቅና የሚያጣብቅ ነገር ሆኖ ይቀራል፤ በሁለት ሳምንት ምንጣፉ ከበፊቱ ብሶ ሲቆሽሽ «ጫማችሁን አውልቁ» እያልን ልጆች ላይ እንጮሃለን። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1982 የምንጣፍ ሻምፖ ካዋሳኪ ከሚባለው የሕፃናት ሕመም ጋር ይያያዝ ይሆን የሚል ጥናት ወጥቶ ብዙ ወላጅ ደንግጦ ነበር። በኋላ አልተረጋገጠም። ኢንተርኔት ላይ ዛሬም ታገኙታላችሁ፣ አትሸበሩ።)

በደረቁ የሚባለው ደግሞ ሁለት ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እርጥበት ያዘለ ዱቄት በትነው፣ በብሩሽ አሽተው በቫኪዩም ያነሱታል። ሌላው በጥቂት ውሃ የሚረጭ ሳሙና ነው፤ ሲደርቅ ቆሻሻውን ይዞ ይሰባበርና በቫኪዩም ይነሳል። በጨርቅ የሚወለውለውም አለ፣ እሱ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያሳምረው። ጥቅማቸው በሰዓታት ውስጥ መድረቃቸው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ፀሐይ በማይገባው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መሬቱ ላይ የተለጠፈ ምንጣፍ ካላችሁ እኔ በደረቁ እላለሁ። ሥሩ ያለው አለርጂ ያን ያህል እንደማይወጣ ግን እወቁት። ቫኪዩሙንም ጠይቁ፦ ሄፓ ማጣሪያ ያለው 0.3 ማይክሮን የሆነችውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል፤ ማጣሪያው ደካማ ከሆነ በፊት የሳበውን ደቃቅ አቧራ በኋላው ይነፋዋል።

ተነሺ ምንጣፍ ከሆነና ጊዜው በጋ ከሆነ? ከሁሉም የምመርጠው ላቫጆ ወስዶ ማሳጠብ ነው። ዘመናዊ አይመስልም፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ አቧራው ይራገፋል፣ ውሃ ከላይም ከታችም ያልፍበታል፣ ሳሙናው ታጥቦ ይወጣል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰቀላል። ቤታችሁም አይረጥብም። ስትረከቡ ፊቱን አይታችሁ ብቻ አትውሰዱ። ጀርባውን ዳብሱ፣ አሽትቱ። ከቀዘቀዛችሁ ወይም የጓዳ ሽታ ካለው አልደረቀም፤ እንዲህ ተጠቅልሎ ከመጣ ሻጋታውን ቤታችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

ስለ ኬሚካል ይሄን ብቻ ልበል። «በረኪና ጣል አድርጉበት፣ ጀርም ይገድላል» የምትሉ እባካችሁ ተዉ። የሕፃን ሽንት ባለበት ምንጣፍ ላይ በረኪና ማፍሰስ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋህዶ ሳንባ የሚቆጣ ጋዝ ያወጣል፤ በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ነው። የሚያጥቡትም ልጆች በባዶ አፍንጫ ቀኑን ሙሉ ያንን ይተነፍሳሉ። ማስክ ስጧቸው፣ መስኮት ክፈቱላቸው። መጨረሻ ላይ የሚረጩትን ሽቶ «አይ፣ ለኛ ይቅርብን» በሏቸው፤ ሽቶው የሚያጸዳው ነገር የለም፣ አስም ያለበትን ሰው ግን ሊያስነሳበት ይችላል።

በጣም ጥሩ ታጠበ ብትሉ እንኳ ሰው በሚኖርበት ቤት ማይቷ ተመልሳ ትራባለች። ስለዚህ አስም ያለበት ልጅ መኝታ ቤት ውስጥ ያለውን ምንጣፍ በየትኛው ዘዴ ላሳጥበው ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፦ አንሱት። በየጊዜው ለእጥበት የምታወጡትን ብር አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ለሚያጥብ ማሽን አውሉት፤ ልጁ በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ፊቱን የሚቀብረው እዚያ ላይ ነው።

ሳሎን ውስጥ ከታጠበ ደግሞ ጠዋት ይታጠብ፣ መስኮት ተከፍቶ ይዋል፣ አስም ያለበት ሰው እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ክፍል ወይም ዘመድ ቤት ይሁን። እና አደራ፣ «ምንጣፉ ስለታጠበ» ብላችሁ ሐኪም ያዘዘውን የመከላከያ ፓፍ እንዳታቋርጡ። በናንተ ሰፈር ምንጣፍ ሲታጠብ በስንት ሰዓት ነው የሚደርቀው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ክረምት ላይ የታጠበ ከሆነም ንገሩኝ።