የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና በጤና ጣቢያ፦ ጥቅሙ፣ ውስንነቱና የተገልጋዩ ድርሻ

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ 374 ሚሊዮን አዳዲስ የጨብጥ፣ የክላሚዲያ፣ የቂጥኝና የትሪኮሞናስ ኢንፌክሽኖች ተከስተዋል። አራቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ሆኖም ብዙዎች በኀፍረት ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ዘግይተው ይመጣሉ፤ አለዚያም ጭራሹን ሳይታከሙ ይቀራሉ።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሕክምናው በአብዛኛው የሚሰጠው የሕመም ምልክቶችን መሠረት በማድረግ ነው። ባለሙያው ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም መኖሩን ጠይቆና መርምሮ፣ ለምልክቱ መንስኤ ሊሆኑ የሚችሉ ዋና ዋና ተሕዋስያንን የሚያጠፋ መድኃኒት ያዛል። በመሆኑም ታካሚው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሕክምና ያገኛል።

አሠራሩ ግን ሁለት ውስንነቶች አሉት። አንደኛው፣ ክላሚዲያና ጨብጥ በተለይ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳዩ ሳይታወቁ ቆይተው ለመካንነት ሊዳርጉ መቻላቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከማሕፀን የሚወጣ ያልተለመደ ፈሳሽ ሁልጊዜ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የተላለፈ በሽታ ምልክት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ፈሳሽ መታየቱን ብቻ የትዳር አለመታመን ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ ያለ በቂ ምክንያትም ትዳርን ያናጋል።

የሕክምናው ውጤት ከጤና ጣቢያው ውጭ በሚሆነውም ይወሰናል። የትዳር ወይም የወሲብ ጓደኛው ያልታከመ ሰው ዳግመኛ ሊያዝ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ገዝቶ መውሰድ ወይም ጀምሮ ማቋረጥም ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያደርጋል። የጨብጥ ተሕዋስ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በየተራ መቋቋም መቻሉ የዚህ ማሳያ ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የቂጥኝ የደም ምርመራ ማድረግ ይገባቸዋል። ቂጥኝ ካልታከመ ጽንሱ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል፤ በወቅቱ በሚሰጥ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ግን እናቲቱም ጽንሱም ይታከማሉ።

ማንኛውም ምልክት ያየ ተገልጋይ ቢቻል ከጓደኛው ጋር በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል። እርግዝና ወይም የመድኃኒት አለርጂ ካለ ለባለሙያው መንገር፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ፣ የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስና ሁለቱም ታክመው እስኪድኑ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ምልክቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ተመልሶ መታየት ይገባል። ባለሙያውም የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።