ቁጥር ምስክር ነው፤ ዳኛው ማን ነው?

አንድ የኮሌጅ የኳስ ቡድን ጎበዝ ነው ወይም ደካማ ነው ብሎ ለመፍረድ የሚበጀው የትኛው ነው? ዐይን ያየው ነው ወይስ መዝገብ የያዘው ቁጥር? ጥያቄው ተራ የጨዋታ ወሬ ቢመስልም እናንተንም የሚነካ ነው። ተማሪው በማርክ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው በጨረሰው ፋይል ብዛት ይመዘናልና። ስለዚህ የቁጥር ፍቅር ወደ በዛበት ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ሜዳ ሄደን ነገሩን እንመርምር።

አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ አይደለም። ከሁለቱም ወገን አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል፤ ሁለት ጫፉ የሾለውን ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር 100 ያርድ ሜዳ ለመሻገር ይታገላል። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ለባላጋራው ይለቃል። እያንዳንዱ እርምጃ የሚለካ ስለ ሆነ ለሒሳብ የተመቸ ጨዋታ ነው።

ችግሩ ደረጃ ሲወጣ ይመጣል። በላይኛው ክፍል የሚጫወቱት ኮሌጆች ከ100 በላይ ናቸው፤ አንዱ ቡድን ግን በዓመት የሚጫወተው 12 ወይም 13 ጊዜ ያህል ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊጋጠም አይችልም። ታዲያ ማን ይበልጣል? ለብዙ ዘመን የሚፈርዱት ሰዎች ነበሩ። አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ከ1936 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስፖርት ጋዜጠኞችን ድምፅ እየሰበሰበ ደረጃ ያወጣል። በ1998 ደግሞ የሰዎችን ድምፅና የኮምፒዩተርን ስሌት ቀላቅሎ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ለዋንጫ የሚያጋጥም ሥርዓት ተጀመረ።

በ2003 ግን ሰውና ስሌት ተጣሉ። ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሉዊዚያና ስቴትና ኦክላሆማ የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፈው ነበር። ኦክላሆማ 12 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ፣ ደረጃው ሊወጣ ሲል፣ በካንሳስ ስቴት 35 ለ 7 ተረታ። ጋዜጠኞቹም አሠልጣኞቹም ደቡብ ካሊፎርኒያን 1ኛ፣ ሉዊዚያና ስቴትን 2ኛ፣ ኦክላሆማን 3ኛ አደረጉ። ስሌቱ ግን ለኦክላሆማ 5.11፣ ለሉዊዚያና ስቴት 5.99፣ ለደቡብ ካሊፎርኒያ 6.15 ሰጠ። በዚያ ስሌት የሚበልጠው ያነሰ ቁጥር ያለው ነውና፣ ሰዎች አንደኛ ያሉት ቡድን በ0.16 ልዩነት ከዋንጫው ጨዋታ ውጭ ቀረ! በጥር 2004 ሉዊዚያና ስቴት ኦክላሆማን 21 ለ 14 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ደቡብ ካሊፎርኒያም በሌላ ሜዳ ሚሺጋንን 28 ለ 14 ስለ ረታ ጋዜጠኞቹ አሸናፊው እርሱ ነው አሉ። ለአንድ ዓመት ሁለት አሸናፊ ተገኘ ማለት ነው።

«እንግዲያስ ቁጥር ከንቱ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አትቸኩሉ። ቡድኖች ደካማውን ባላጋራ ያለ ልክ በነጥብ እንዳያሸማቅቁ ተብሎ፣ ከ2002 ጀምሮ ኮምፒዩተሮቹ የነጥብን ልዩነት እንዳይቆጥሩ ተከልክለው ነበር። ስለዚህ በ28 ነጥብ መረታትና በአንድ ነጥብ መረታት ለእነርሱ እኩል ነው። ይህን የወሰነው ሰው ነው እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም። በሌላም በኩል ሰው የትናንቱን ሽንፈት አግንኖ የአምናውን ድል ይረሳል፤ ስሌቱ ግን የኦክላሆማን 12 ድሎች አልረሳም።

እንግዲህ ቁጥርን እንደ ምስክር እንቁጠረው። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ምስክርን ሳይጠይቁ አያምኑም ነበር። እኛም ቁጥርን ሦስት ነገር እንጠይቀው። መጀመሪያ፣ በማን ላይ የተገኘ ነው? በደካማ ቡድን ላይ የተሮጠ 400 ያርድና በብርቱ ቡድን ላይ የተሮጠ 400 ያርድ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ መቼ የተገኘ ነው? ብዙ ነጥብ የቀደመ ቡድን ሰዓቱ እንዲያልቅለት ሜዳውን ይለቃል፤ ወደ ኋላ የቀረውም በመጨረሻው ሰዓት ብዙ ያርድ ይሰበስባል። በማግሥቱ መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው ተሸናፊውን ጎበዝ ይለዋል። ሦስተኛ፣ ከስንት የተገኘ ነው? በ12 ጨዋታ የታየ ነገር ችሎታ ሊሆን ይችላል፤ ዕድልም ሊሆን ይችላል።

አሜሪካኖቹም ከጥል በኋላ ወደዚህ የተጠጉ ይመስላል። በ2004 የሰዎቹን ድምፅ ከሦስት ሁለት እጅ አደረጉት። በ2014 አንድ ኮሚቴ ቁጥሩንም ጨዋታውንም አይቶ አራት ቡድኖች መርጦ በሜዳ እንዲለዩ ተደረገ፤ በ2024 የሚመረጡት ወደ 12 ከፍ አሉ። የመጨረሻውን ፍርድ ሜዳው እንዲሰጥ በሩን አሰፉ።

እኔ አስተማሪ ነኝና በየጊዜው በተማሪ ካርድ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ከ12 ተማሪ 2ኛ የወጣና ከ60 ተማሪ 5ኛ የወጣ ልጅ ካርዳቸው ጎን ለጎን ቢቀመጥ፣ ቸኩሎ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። በመሥሪያ ቤትም በቀን 40 ደብዳቤ የሚያወጣ ጸሐፊ አለ፤ አንድ የተቆላለፈ የባለጉዳይ ፋይል ለመፍታት ቀኑን ሙሉ የሚደክምም አለ። በወር መጨረሻ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ነው፤ ባለጉዳዩ የሚመርቀው ግን ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ ነገ ሹማምንት ሆናችሁ ሰውን በወረቀት ላይ ስትመዝኑ ቁጥሩን አትጣሉት፤ ቁጥር የሌለበት ፍርድ ለወገንና ለዘመድ ያደላልና። ነገር ግን በማን ላይ፣ መቼ፣ ከስንት ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።