የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ተወዳጅነት ምንጩ ጡንቻ ብቻ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ ከደብረ ሲና ከተማ በላይ የሚገኘውን የጣርማበር ዋሻ ያውቀዋል። ዋሻው የተሠራው በፋሺስት ኢጣሊያ የወረራ ዘመን ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ የነበረው የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ኢትዮጵያውያን የጣርማበርን መንገድ አፍርሰው ስለጠበቁት በዚሁ ተራራ ለመቆም ተገዷል።

ከዚያ አሥር ወራት ቀደም ብሎ፣ ወረራው ገና በዝግጅት ላይ ሳለ፣ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም የተካሄደ አንድ የቡጢ ግጥሚያ ከዚሁ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተፋለመ። ካርኔራ በክብደት ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ይበልጠው ነበር። ሆኖም በ6ኛው ዙር ደጋግሞ በመውደቁ ዳኛው ግጥሚያውን አቋርጦ ድሉን ለሉዊስ ሰጠ። ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የተመለከቱት የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ፍልሚያ አድርገው ነበር። በመሆኑም ድሉን የራሳቸው ድል አድርገው በየጎዳናው አከበሩት።

ከዚህ የምንረዳው የደጋፊ ፍቅር ከጉልበት መጠን ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ነው። ካርኔራ በግዝፈቱ ወደር አልነበረውም፤ የሙሶሊኒ አገዛዝም የፋሺዝም ኃይል መገለጫ አድርጎ አወድሶታል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ድሎቹ አስቀድመው የተቀነባበሩ ናቸው የሚለው ጥርጣሬ ከስሙ አልተለየም። በአንጻሩ ሉዊስ ሰኔ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በዝረራ ሲሸነፍ ደጋፊዎቹ አልቅሰውለታል እንጂ አልከዱትም። ከሁለት ዓመት በኋላ በመልሱ ግጥሚያ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር አሸነፈ።

ተወዳጅነቱ የዘር ወገናዊነት ብቻ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ የተካሄደው ግጥሚያ ግን ይህን ያስተባብላል። መሐመድ ዓሊም ሆነ ጆርጅ ፎርማን ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሕዝቡ የቆመው ግን ከዓሊ ጎን ነበር። ዓሊ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ክብሩን ተነጥቆ ለዓመታት ከመድረክ መታገዱን ሕዝቡ ያውቃል። ለእምነቱ ዋጋ የከፈለ ሰው መሆኑ ከቡጢው በላይ አስወድዶታል።

በእኛም አገር እውነታው ከዚህ የተለየ አይደለም። የሸዋው ተወላጅ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ ሕዝቡ ከሜዳልያው ባሻገር የተመለከተው የወራሪው መናገሻ በነበረችው ከተማ የአገሩ ስም ከፍ ብሎ መጠራቱን ነው።

እንግዲህ በየደረጃው ስፖርቱን ለሚመሩ አካላት ትምህርቱ ግልጽ ነው። ስታዲየም መገንባት፣ አሠልጣኝ መመደብና ሽልማት ማዘጋጀት አስፈላጊ ተግባራት ናቸው። ሆኖም ሕዝብ ስፖርተኛን የሚወደው በመመሪያ ወይም በቅስቀሳ ብዛት አይደለም። ውድድሩ ከማጭበርበር የጸዳ መሆኑን ሲያምንና የራሱን ተስፋ በስፖርተኛው ውስጥ ሲያገኝ ነው። በየወረዳው ወጣቶችን ለውድድር የሚመለምል ባለሙያም ችሎታን ብቻ መሠረት አድርጎ በሐቀኝነት ሲመርጥ የዚህን እምነት መሠረት ያኖራል። አድልዎ የገባበት ምርጫ ግን ስፖርተኛውን ሕዝብ ሳያውቀው አስቀድሞ ያሳጣዋል።