የዘፈን ክሊፕና የጋምቤላ ነጋዴ

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን አስፈትቶ ፍሬውን በመዳፉ ላይ ሳያይ ዋጋ አይቈርጥም። ጨርቅ የሚገዛም ሰው ጨርቁን በብርሃን ፊት ዘርግቶ የድሩንና የማጉን ጥብቀት ሳይመረምር ገንዘቡን አይከፍልም። ይህ የታወቀ የንግድ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፥ ያው ጠንቃቃ ነጋዴ የሱቁን ወይም የሆቴሉን ስም ለማስተዋወቅ ሲል ለዘፈን ክሊፕ ገንዘብ በሚያወጣበት ጊዜ ምን እንደሚገዛ ሳይመረምር መክፈሉ የሚያስገርም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አንደኛ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ሁለተኛም የሱቁ ሰሌዳ በክሊፑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ነው። የሥራው ዓይነትና የአሠራሩ ብልሃት ግን ለባለ ካሜራው ብቻ የተተወ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ነገር በጋምቤላ ከተማ ለሚነግዱ ሰዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል። ጋምቤላ በንግድ ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ ናት። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር፤ ጣቢያውም ኋላ በጋምቤላ ቆመ። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና የጥጥ ጨርቅ አራግፈው፥ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን የውሉ ዘመን አበቃ፤ የመርከቡም ንግድ ውሎ አድሮ ቀረ። በዚያ ዘመን የከተማይቱን ስም ወደ ውጭ ይዞ የሚወጣው የቡና ጆንያ ነበር። ዛሬ ግን ጋምቤላን አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ጋምቤላ መጀመሪያ የሚያየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ላይ የሚመለከተው ዘፈን ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታና በነብራስካ የሚኖሩት የአኙዋና የኑዌር ተወላጆችም የአገራቸውን መልክ የሚያዩት በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ክሊፑ የከተማይቱ ናሙና ሆኗል ማለት ነው፤ ናሙናው የተበላሸበት ዕቃ ደግሞ ገዢ እንደማያገኝ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

ዘፈንን ከፊልም ጋር አጣምሮ ማሳየት ከመነሻው ጀምሮ ከንግድ የተለየ ነገር አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳይ አገር ስኮፒቶን የሚባል መሣሪያ ወጥቶ በቡና ቤቶች ይቆም ነበር፤ እንግዳው ሳንቲም ሲከትበት የመረጠውን ዘፈን በባለ ቀለም ፊልም ያሳየዋል፥ ባለ ቡና ቤቱም ከዚያ ገቢ ያገኛል። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን አገልግሎት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ዘፋኙ በስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ሲዘፍን ማሳየት የተለመደ ሆነ። የእንግሊዞቹ የኲን ጓድ በ1968 ዓ.ም. ቦሂሚያን ራፕሶዲ ለተባለው ዘፈኑ የሠራው ፊልም፥ ዘፋኞቹ ራሳቸው በስቱዲዮ ሳይገኙ በቴሌቪዥን እንዲታዩ ስላስቻላቸው የዘፈኑ ሽያጭ እጅግ ረዳው። በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ ኤም ቲቪ የተባለው ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ክሊፕ ብቻ ማሳየት ጀመረ፤ በ1976 ዓ.ም. የወጣው የማይክል ጃክሰን ትሪለርም ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋ ታሪክ ያለው ፊልም ሆኖ ቀረበ። ዩቲዩብ በ1997 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የጣቢያ ሹም ሳይፈቅድለት ማንም ሰው ሥራውን ለዓለም ለማሳየት በቃ።

ዛሬ የሚሠሩት ክሊፖች በአራት ዓይነት ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው ዘፋኙ ወይም ጓዱ ሲዘፍንና ሲጫወት የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው የዘፈኑን ቃል ተከትሎ ታሪክ የሚናገረው ነው፤ ለምሳሌ የቴዲ አፍሮ ጥቁር ሰው ክሊፕ የዓድዋን ጦርነት እንደ ታሪክ ፊልም አድርጎ አቅርቦታል። ሦስተኛው ጭፈራንና አገርን የሚያሳየው ሲሆን፥ በኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ይህ ነው። አራተኛው ታሪክም ጭፈራም ሳይኖረው በሥዕል፥ በቀለም ወይም በተጻፈ የግጥም ቃል ብቻ የሚሠራው ነው፤ ይህም ወጪው አነስተኛ ስለ ሆነ ለጀማሪ ዘፋኝ ይስማማል። አንዱ ዓይነት ከሌላው ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሚሠራለት ማወቅ አለበት። ታሪክ ያለው ክሊፕ ተዋናይና ልብስ፥ ብዙም የሥራ ቀን ይጠይቃል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ የአንድ ቀን ዋጋ ተዋውሎ መልካም ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ከዓይነቱ ቀጥሎ ብልሃቱ ይመጣል። ዘፋኙ በካሜራው ፊት ሲዘፍን የሚሰማው ድምፅ በዚያች ሰዓት የተቀዳ አይደለም፤ ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፥ ዘፋኙም አፉን ከእርሱ ጋር ያስማማል። ደግ ሠራተኛ ይህንን አንድ ጊዜ ብቻ አያስደርግም፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየደጋገመ፥ አንድ ጊዜ ከሩቅ፥ አንድ ጊዜ ከወገብ በላይ፥ አንድ ጊዜም ፊቱን ብቻ ያነሣዋል። በኤዲቲንግ ጊዜ እነዚህ ሁሉ በአንዱ ዘፈን ልክ ጎን ለጎን ይሰለፉና፥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለለው ከበሮው በሚመታበት ቅጽበት ይሆናል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ክሊፑ ከዜማው ጋር አብሮ የሚራመድ ሆኖ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ፊልሙ በቂ ድግግሞሽ ከሌለው ግን የኤዲቲንጉ ሠራተኛ ጉድለቱን ለመሸፈን በየሴኮንዱ ይቈራርጠዋል፤ ዓይንም ይደክማል።

እንቅስቃሴን ማዘግየትም ሌላው ብልሃት ነው። ካሜራው በአንድ ሴኮንድ 25 ሥዕል በማንሣት ፈንታ 50 ቢያነሣና ፊልሙ በ25 ልክ ቢታይ እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ዘፋኙ ግን በሚቀረጽበት ጊዜ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ተለቅቆለት ከእርሱ ጋር ከዘፈነ፥ ፊልሙ ሲዘገይ አፉ ከትክክለኛው ዘፈን ጋር ይገጥማል፥ ልብሱና ሰውነቱ ግን በዝግታ ሲንሳፈፉ ይታያሉ። ወደ ላይ በመዝለል ለሚጨፈረው የጋምቤላ ጭፈራ ይህ ብልሃት እጅግ ይስማማዋል፤ ጨፋሪው ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ሲቆይ ይታያልና። ከላይ ሆኖ የሚቀርጸው ድሮንም ባሮንና ድልድዩን በአንድ እይታ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ የሚገባና የሚበር ዕቃ ስላልሆነ፥ አስመጪውም አሠሪውም ፈቃዱን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን በጋምቤላ ሊታሰብበት የሚገባው የብርሃን ጉዳይ ነው። ካሜራ ብርሃንን በራሱ ሲመዝን በፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይመዝናል። ጥቁር መልክ ያለው ሰው በቀትር ከነጭ አሸዋ ወይም ከሚያንጸባርቅ ሰማይ ፊት ሲቆም፥ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የሰውየውም ፊት ዓይኑና ጥርሱ ብቻ የሚለይ ጥላ ይሆናል። ብዙ ሰዎች ይህንን የመልክ ነገር ያደርጉታል፤ ስሕተቱ ግን የሠራተኛው እንጂ የመልኩ አይደለም። ለዚህም የውጭ አገር ታሪክ ይመሰክራል። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፎቶግራፍ ቀለም ይስተካከል የነበረው ሸርሊ በሚባል፥ የነጭ ሴት ሥዕል ባለበት ካርድ ነበር፤ ስለዚህ የጥቁር ሰዎች መልክ በሚገባ አይወጣም ነበር። ኩባንያው ፊልሙን ወደ ማሻሻል ያዘነበለው ግን የሰዎቹ ቅሬታ ብቻ ገፋፍቶት አልነበረም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ አምራቾች የዕቃዎቻቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ላይ በትክክል አይለይም ብለው ስለ ተከራከሩ ጭምር ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ነጋዴ የሥራውን ጥራት ሲጠይቅ ባለ ሙያው እንደሚታረም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ብርሃኑን በሰማዩ ሳይሆን በዘፋኙ ፊት ልክ መመጠን፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መቅረጽ፤ ቀትር ላይ ግዴታ ከሆነ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ማድረግ፤ በጥላው ውስጥም ፊቱን ለማብራት ነጭ አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥሮ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ዘፋኙ መመለስ ነው። አቡጀዲ በየሱቁ በሜትር የሚሸጥ ጨርቅ ነው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ባለማድረግ የተበላሸ ክሊፕ በኋላ በኮምፒዩተር ይስተካከላል ማለት፥ የሻገተን ቡና በፀሐይ አድርቆ እንደ አንደኛ ደረጃ ለመሸጥ እንደ ማሰብ ነው።

ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። የብሔረሰቦችን ጭፈራ ሁሉ በአንድ ዘፈን ሰብስቦ ማሳየት በኢትዮጵያ የተለመደ የክሊፕ ዓይነት ነው፤ አሳቡም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ለጋምቤላ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ሲሆን፥ ያውም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ባለችው በአዲስ አበባ፥ በተከራየ ልብስና አኙዋን ከኑዌር፥ ማጃንግን ከኦፖና ከኮሞ በማይለይ ጭፈራ የተቀረጸ ይሆናል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በተከበረ ጊዜ ከየአቅጣጫው የመጡት ካሜራዎች እውነተኛውን ጭፈራ በስፍራው ለማየት ዕድል አግኝተው ነበር። በጣት የሚመታው ቶም የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ እንኳ፥ የብረት ልሳኖቹ በቅርብ ቢታዩ ለዓይን እንግዳ የሆነና ሌላ ክሊፕ የማይጠግበው ነገር ነበር፤ ሆኖም ካሜራው ወደ እጅ ቀርቦ ሲያሳየው የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የራሱን መልክ ራሱ ያላሳየ ሕዝብ ሌላው እንደ ገመተው ሆኖ ይታያል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። አንዳንድ ባለ ሱቅ፥ ሥራው ስኳርና ሳሙና መሸጥ ስለ ሆነ የዘፈን ጉዳይ እንደማይመለከተውና በክሊፕ ምክንያት አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ ተጨምሮ እንደማይሸጥ ይናገራል። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። የክሊፕ ጥቅም እንደ ስኳር በሚዛን አይለካም፤ ትርፍ እንደሚያመጣም አስቀድሞ ዋስ የሚሆን የለም። ዳሩ ግን ገንዘቡን ጨርሶ አለማውጣት አንድ ነገር ነው፤ አውጥቶ ብልሹ ሥራ መቀበል ደግሞ ሌላ ነው። የሱቁ ሰሌዳ ስድስት ጊዜ የታየበት፥ ነገር ግን የዘፋኙ ፊት የማይለይበት ክሊፕ ተመልካቹን ሳያስጨርሰው ያስመልጠዋል፤ ሰሌዳውም አብሮ ይቀራል። ተመልካች ወዶ የሚደጋግመው ክሊፕ ላይ አንድ ጊዜ በአግባቡ የታየ ሰሌዳ ይበልጣል።

ስለ ውልም መናገር ያስፈልጋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲሁም እርሱን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የዜማውን፥ የግጥሙንና የፊልሙን ባለ መብቶች ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነጋዴው፥ ዘፋኙና ባለ ካሜራው ከሥራው በፊት በጽሑፍ ሊዋዋሉ ይገባቸዋል። በውሉም ዓይነቱ፥ የሥራው ቀን ብዛት፥ የሚቀረጽበት ስፍራና ሰዓት፥ የጨፋሪዎቹ ክፍያ፥ ክሊፑን በዩቲዩብ የሚያወጣው ማን እንደ ሆነና ከዚያ የሚገኘው ገቢ ለማን እንደሚደርስ፥ እንዲሁም ያልተቈረጠው ፊልም በማን እጅ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነት ወዳጅን ያጣላል።

በጋምቤላ ከተማ ሠርግና በዓል እየቀረጹ የሚተዳደሩ፥ ካሜራ የያዙ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ወጣቶች ሥራ ሲያጡ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴው ክሊፕ ሲፈልግ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የመንገድና የሆቴል ወጪ ይከፍላል። ከዚህ ይልቅ ጥቂት ነጋዴዎች በኅብረት ሆነው በዓመት አንድ በሚገባ የተሠራ ክሊፕ፥ በስፍራው ባለ ሙያ፥ በአኙዋኛም ሆነ በኑዌርኛ ወይም በማጃንግኛ ቢያሠሩ፥ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ወጪ የሚቀል ሲሆን ሙያውም በከተማው ይቀራል። አስመጪዎችም መብራት፥ የብርሃን መመለሻ፥ የካሜራ ባትሪና የማስታወሻ ካርድ በከተማው እንዲገኝ ቢያደርጉ፥ ለራሳቸው ገበያ ከፍተው ወጣቱንም ይረዳሉ።

ከዚህ በኋላ ባለ ካሜራ ወደ ሱቁ መጥቶ ዋጋ ሲናገር፥ ነጋዴው ስለ ሰሌዳው ከመጠየቁ በፊት ቀድሞ የሠራውን ክሊፕ እንዲያሳየው ይጠይቀው። ክሊፑንም በስልክ ትንሽ መስተዋት ላይ ሳይሆን በሰፊ ቴሌቪዥን ይመልከተው፤ የሰዎቹ ፊት ይለይ እንደ ሆነ፥ አፉ ከዘፈኑ ይገጥም እንደ ሆነ፥ ጭፈራውም የማን እንደ ሆነ ይመርምር። ይህንን ጠይቆና ተመልክቶ የሚከፍል ነጋዴ ገንዘቡን ለሚገባው ሥራ ያውላል፤ ከተማይቱም በእውነተኛ መልክዋ ትታያለች።