አንድ ጎጆ ለሠዓሊዎቹ!

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ወጣት ብታገኙ ምን እንደሚስል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልጋችሁም። ፍየል ቆዳ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ፣ አለዚያም ፈረሱ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ። እጁ አያምርም አላልንም፤ ያምራል። ግን "እስኪ ሌላ ነገር ልሞክር" ቢል የት ይሞክረው? ከማን ጋር? ቱሪስት የሚገዛውን ብቻ የሚስለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ቦታ አጥቶ ነው ባዮች ነን።

ቦታ ስንል ጋለሪ ማለታችን አይደለም። ሠዓሊው፣ ሸማኔው፣ አዝማሪው፣ ቪዲዮ የምትቀርጸው ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኝተው እያበላሹ የሚሠሩበትን፣ ራሳቸውም የሚያስተዳድሩትን ማለታችን ነው። አዲስ አበባ ይህን ቀምሳዋለች። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ወጣት ሠዓሊዎች ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ ነፃ አርት ቪሌጅን አቋቋሙ። ከአባላቱ አንዷ ምሕረት ከበደ፣ ራስ ሆቴልን በወጣት ይሞላ የነበረው የጦቢያ ግጥም በጃዝ መሥራችም ናት። መንደሩ ግን ዛሬ መናፈሻው ውስጥ የለም። ቦታው የራሳቸው አልነበረማ!

"አዲስ አበባ ያልቻለችውን ላስታ ከየት ታመጣዋለች?" የሚለን አይጠፋም። ላስታማ ቤቱ አላት። ዩኔስኮ በ1978 ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ሲመዘግብ፣ ስለ ቦታው በሚሰጠው መግለጫ የላስታ ጎጆዎችንም በስም ይጠራቸዋል፤ በቀይ ድንጋይ የተገነቡ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበረው ነዋሪ ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተነሣ። ከጎጆዎቹ የተወሰኑት ግን እንዲቆዩ ተደረገ። ለማን? ፎቶ ለሚያነሣ መንገደኛ? ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2019 ለከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳውን በጭቃና በጭድ ሲያቆሙ የገጠሩ ግንበኛ እውቀት መካኒሳ ላይ ተከበረ። ላስታ ግን የራሷን ቤት እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፍላ መብላት ሲገባት ቆልፋ ታየዋለች።

ቀጥሎ የሚመጣውን መልስም እናውቀዋለን፤ "ቅርስ ነው፣ አይነካም"። ጎበዝ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንንካ አላልንም። ደግሞስ ትውፊቱ የሚነግረን ምንድን ነው? ቀን ሰው ሲጠርብ፣ ሌሊት መላእክት እየወረዱ ይቀጥሉ ነበር ነው። ከዚህ በላይ የጋራ ሥራ ካለ ንገሩን። ከዐለት ላይ ቤት ማውጣትስ ያኔ ሙከራ አልነበረም? በእኛ ዘመን ላሊበላ ላይ በድፍረት የተሞከረ አዲስ ነገር ቢኖር በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከለው ያ የብረት ጥላ ነው፤ እሱን የፈቀደ ለአንድ ሸራ አይሰስትም።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2020 ኮሮና ገባ፤ በ2021 ከተማዋ በጦርነት እጅ ለእጅ ተለዋወጠች፤ በ2023 ደግሞ ውጊያው ተመልሶ መጣ። ቱሪስቱ ሲቀር የፍየል ቆዳው ተጠቅልሎ ተቀመጠ። እነዚህ ልጆች ያዩትን ስንት ነገር አይተዋል፤ የሚስሉት ግን ያንኑ ፈረስ ነው፤ ሌላውን የሚገዛ የለማ።

የምንጠይቀው አንድ ጎጆ ነው። በጽሑፍ የሆነ የአሥር ዓመት ውል፣ የሚስሉትን አስቀድሞ የሚገመግም ኮሚቴ የሌለበት። ቁልፉ በየትኛው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ የምታውቁ ንገሩን፤ ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን።