የደቡብ ኢጣሊያ ልማት፤ ዓላማውና ገንዘቡ በማን ኃይል ተለዋወጠ?

አንድ አካባቢ ወደ ኋላ የሚቀረው አፈሩ ስለ ነጠፈ ወይም ሕዝቡ ስለ ሰነፈ ነው የሚለው ስብከት፣ ገዢ መደቦች የራሳቸውን ሥራ ለመሸፈን ሲጠቀሙበት የኖሩ መጋረጃ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ የሚታየው የመሬት ይዞታ፣ የካፒታል ጉዞና የመንግሥት ሥልጣን አደላደል ነው። «አካባቢያዊ ልማት» የሚባለው ፖሊሲም ከዚሁ ጋር ተያይዞ በየዘመኑ አዲስ ስም፣ አዲስ ዓላማና አዲስ በጀት ይዞ ብቅ ይላል። ለውጡ ከየት ይመነጫል? ማንንስ ይጠቅማል? ይህን ለመመርመር የደቡብ ኢጣሊያን ያህል ረዥምና ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የኢትዮጵያ ሕዝብም ከዚህ ታሪክ ጋር በደም የተሳሰረ በመሆኑ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነፈጉትን መሬት በሰው አገር

ኢጣሊያ በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን፣ አንድነቱ የሰሜኑ የኢንዱስትሪ ከበርቴና የደቡቡ ባለ ርስት የተስማሙበት አንድነት ነበር። ከበርቴው ገበያውን አገኘ፤ ባለ ርስቱ ሰፊ መሬቱን እንደ ያዘ ቀረ፤ መሬት የለሹ የደቡብ ገበሬ ግን ወይ በቀን ሙያተኝነት መማቀቅ፣ ወይ ባሕር ተሻግሮ መሰደድ ዕጣው ሆነ። ባለ ርስቱን ሳይነኩ የገበሬውን የመሬት ጥያቄ እንዴት መመለስ ይቻላል? የገዢው መደብ መልስ ቅኝ ግዛት ነበር።

የክሪስፒ መንግሥት ስደተኛውን ገበሬ በአፍሪካ ምድር ለማስፈር አለመ። በኤርትራ የገበሬው መሬት መነጠቁ በታኅሣሥ 1894 ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ የመሩትን ዐመፅ ከቀሰቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ዕቅዱም በ1896 ዓድዋ ላይ ተሰበረ። ፋሺዝም ከአርባ ዓመት በኋላ ያንኑ ዓላማ በሌላ መልክ አንሥቶ፣ በ1937 የኢጣሊያን ክፍላተ ሀገር ስም የያዙ የሠፈራ ድርጅቶችን አቋቋመ። ለፑልያ ሰዎች ጨርጨር፣ ለሮማኛ ሰዎች ወገራ፣ ለቬኔቶ ሰዎች ጅማ ተደለደለ። በአርበኞች ተጋድሎ ምክንያት ከታቀደው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ተፈጽሞ፣ በ1941 ሁሉም ፈረሰ። እዚህ ላይ የሚታየው ሐቅ የማያሻማ ነው፤ የኢጣሊያ ገዢ መደብ ለራሱ ገበሬ የነፈገውን መሬት ከኢትዮጵያ ገበሬ ነጥቆ ለመስጠት ሞከረ።

የሰርዲንያው ተወላጅ አንቶኒዮ ግራምሺ በ1926 ስለ ደቡብ ጥያቄ መጻፍ ጀምሮ፣ ጽሑፉን ሳይጨርስ በፋሺስቶች ታሰረ። ደቡቡ የአገሪቱን ዕድገት የሚጎትት ሸክም ነው፣ ሕዝቡም በተፈጥሮው ሰነፍ ነው የሚለውን ፕሮፓጋንዳ አጋለጠ። መፍትሔው የሰሜኑ ወዝ አደርና የደቡቡ ገበሬ ኅብረት መሆኑንም አመለከተ።

የ1950 ፈንድ፤ ችሮታ ወይስ የትግል ውጤት?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደቡብ ገበሬዎች በየቦታው ያልታረሰ መሬት መያዝ ጀመሩ። በግንቦት 1 ቀን 1947 በሲሲሊ፣ ፖርቴላ ዴላ ጂኔስትራ በተባለው ቦታ የሠራተኞችን ቀን ያከብሩ በነበሩ ገበሬዎች ላይ የሽፍታው ጁሊያኖ ጭፍራ ተኩሶ 11 ሰዎች ገደለ። በጥቅምት 1949 በካላብሪያ፣ መሊሳ ላይ ፖሊስ መሬት በያዙ ገበሬዎች ላይ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። የመሬት ማሻሻያ ሕጎች የወጡት ከዚህ በኋላ፣ በ1950 ነው። «የደቡብ ፈንድ» የተባለው ድርጅትም የተቋቋመው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። በመሆኑም ፈንዱ የመንግሥት ችሮታ አልነበረም፤ ከአንድ በኩል በትግል የተገኘ፣ ከሌላ በኩል ትግሉን ለማብረድ የታለመ ነበር።

ለአሥር ዓመት የተመደበለት በዓመት 100 ቢሊዮን፣ በድምሩ 1 ሺህ ቢሊዮን ሊራ ሲሆን፣ አብዛኛው ለመስኖ፣ ረግረግ ለማድረቅና ለእርሻ ልማት፣ ቀሪው ለመጠጥ ውሃና ለመንገድ የታቀደ ነበር። የዓለም ባንክም በ1951 የ10 ሚሊዮን ዶላር ብድር ጨመረ። በዚህ ዘመን ውሃ ወዳልነበረበት መንደር ውሃ መድረሱን፣ መንገድም መዘርጋቱን መካድ አይቻልም። ሆኖም ለገበሬው የደረሰው መሬት በብዙ ቦታ ጠባብና ደካማ ስለ ነበር ቤተሰብ የሚያኖር አልሆነም።

ከማረሻ ወደ ብረት

በ1957 ዓላማው ተለወጠ። አዲሱ ሕግ የመንግሥት ኩባንያዎች ከጠቅላላ መዋዕለ ንዋያቸው 40 በመቶውን፣ ከአዲስ ኢንዱስትሪ ደግሞ 60 በመቶውን በደቡብ እንዲያውሉ አዘዘ። የታራንቶ የብረት ፋብሪካና የጄላ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። የታራንቶው ፋብሪካ ግንባታ በ1960 ተጀምሮ በ1965 በይፋ ተመረቀ፤ በኋላም ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ያሰለፈ ግዙፍ ተቋም ሆነ።

ነገር ግን ድጎማው የሚከፈለው በተተከለው መሣሪያ እንጂ በተቀጠረው ሰው ልክ አልነበረም። በዚህም ምክንያት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁና በገንዘቡ ልክ ብዙ ሰው የማይቀጥሩ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። ከመሣሪያው ብዙው ከሰሜን ፋብሪካዎች ይገዛ ስለ ነበር፣ ለደቡብ የወጣው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ሰሜን ተመለሰ። በዙሪያቸው አነስተኛ ኢንዱስትሪ ሊፈለፈል ባለመቻሉ ኢጣሊያውያን ራሳቸው እነዚህን ፋብሪካዎች «በበረሃ የተተከሉ ካቴድራሎች» ብለው ሰየሟቸው። የደቡብ ወጣት በሚሊዮን እየተቆጠረ ወደ ቶሪኖ፣ ወደ ሚላኖና ወደ ጀርመን የተሰደደውም ልማቱ ተፋፍሟል በሚባልበት በዚሁ ጊዜ ነው።

የወዝ አደሩ ድርሻ

የተሰደደው ገበሬ በቶሪኖ ወዝ አደር ሆነ፤ በ1969ኙ ታላቅ የሥራ ማቆም እንቅስቃሴም ከፊት ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ለአንድ ዓይነት ሥራ በደቡብ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፈል የሚፈቅደው የደመወዝ ቀጠና አሠራር በትግል እንዲሻር ተደረገ። በጥቅምት 1972 የሰሜን ሠራተኞች ለደቡብ ልማት ድጋፋቸውን ለመግለጽ በባቡር ወደ ሬጆ ካላብሪያ ተጓዙ። አድኃሪያን በሐዲዱ ላይ ቦምብ ቢያፈነዱም ሰልፉ ተካሄደ። ግራምሺ የተመኘው ኅብረት በተጨባጭ የታየበት ቀን ነበር።

የገዢዎቹ ቃል ግን ሌላ ነበር። ከ1970 እስከ 1971 ሬጆ ካላብሪያ ውስጥ ዐመፅ ሲነሣ መንግሥት በጆያ ታውሮ ትልቅ የብረት ፋብሪካ እተክላለሁ ብሎ ቃል ገባ። የብርቱካንና የወይራ ዛፍ ተመነጠረ፤ ፋብሪካው ግን አልተተከለም። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የፈንዱ ገንዘብ ከማምረቻ ይልቅ ለድጎማ፣ ለኮንትራትና ለድምፅ መግዣ የሚውልበት መንገድ ሰፋ። ከኅዳር 1980 የኢርፒንያ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የመልሶ ግንባታው ገንዘብ አወጣጥ የፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን እስኪቋቋምለት ድረስ አነጋጋሪ ሆነ። ፈንዱ በ1984 እንዲፈርስ ተወሰነ፤ የተካው ድርጅትም ዕድሜው አጭር ነበር።

ውጤቱ ምን ይመስላል? በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ የነፍስ ወከፍ ምርት ከመካከለኛውና ከሰሜኑ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 60 በመቶ ገደማ ከፍ አለ፤ ኋላ ግን ተመልሶ ወደ 55 በመቶ አካባቢ ወረደ።

ከሮም ወደ ብራስልስ

የሮም መንግሥት እጁን እየሰበሰበ ሲሄድ የአውሮፓው ማኅበር ቦታውን ያዘ። የአውሮፓ አካባቢያዊ ልማት ፈንድ የተቋቋመው በ1975 ሲሆን፣ በ1988ቱ ማሻሻያ የነፍስ ወከፍ ምርታቸው ከማኅበሩ አማካይ 75 በመቶ በታች ለሆኑ አካባቢዎች ቅድሚያ ተሰጠ። ገንዘቡ በአባል መንግሥታት ወጪ ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳይሆንም ተደነገገ። በተግባር ግን የአገሪቱ የራሷ ወጪ ሲቀነስ የብራስልሱ ገንዘብ ማካካሻ ሆነ ሲሉ የደቡብን ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎች ሲወቅሱ ኖረዋል።

ዓላማውም እንደገና ተለዋወጠ። ከ2000 ወዲህ መፈክሩ «ተወዳዳሪነት» ሆነ፤ ቀጥሎ አረንጓዴና ዲጂታል ልማት መጣ። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ኢጣሊያ ባገኘችው የ191.5 ቢሊዮን ዩሮ የማገገሚያ ዕቅድ ውስጥ፣ በቦታ ሊደለደል ከሚችለው ገንዘብ ቢያንስ 40 በመቶው ለደቡብ እንዲሆን ተወሰነ። በ2025 ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን ይኸው የአካባቢ ልማት ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪም እንዲውል ሐሳብ አቀረበ። ረግረግ ለማድረቅ የተጀመረው ጉዞ ወደ መድፍ ማምረቻ ሊያደርስ መቻሉ፣ ዓላማ የሚቀረጸው ከተቸገረው ሕዝብ ፍላጎት ይልቅ በየዘመኑ ባየለው ኃይል መሆኑን ያረጋግጣል።

የታራንቶ ወዝ አደር የዚህ ሁሉ ለውጥ ምስክር ነው። ፋብሪካው በ1995 ለግል ከበርቴ ተሸጠ፤ በ2012 ፍርድ ቤት በከባድ ብክለት ምክንያት ማምረቻውን አገደ፤ በ2018 ወደ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ተዛወረ፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በሾማቸው አስተዳዳሪዎች ሥር ገባ። ሠራተኛው ዳቦውንና የልጆቹን ሳንባ በሚዛን ላይ አስቀምጦ እንዲመርጥ ተገደደ። ይህ ምርጫ ሳይሆን ግፍ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? የበጀት መጠን ብቻውን የልማት መለኪያ አይሆንም። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ስም ገንዘብ ለአንድ አካባቢ ሲመደብ፣ የቀበሌ ነዋሪውም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛው ሦስት ጥያቄዎች ማንሣት ይኖርበታል። ዓላማውን የወሰነው ማነው? ገንዘቡ በማን እጅ አልፎ ወዴት ይመለሳል? በጀቱ ሲያልቅ በአካባቢው ሕዝብ እጅ የሚቀረው ሀብትና ሙያ ምንድን ነው? የመሊሳ ገበሬዎችና ወደ ሬጆ ካላብሪያ የተጓዙት ወዝ አደሮች እንዳሳዩት፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ የሚገኘው የተደራጀ ሕዝብ ሲጠይቅና ሲቆጣጠር ብቻ ነው። ያልተደራጀ ሕዝብ ግን ሌሎች በሚያወጡት ዕቅድ ሲታቀድበት ይኖራል።